የትኛው ጭንቅላቴ?

ልጄ ካርድ ማዛመድ ትወዳለች። ካርዶቹ ፊታቸውን ወደታች ተደርገው ይደረደራሉ። ሁለት ሁለት እያነሱ ማየት፣ ካልተመሳሰሉ መልሶ መክደን፣ የቱ የት እንደነበረ መያዝ፤ ያ ነው ጨዋታው። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አባቴ ሰባን አልፈዋል፣ እኔ መሃል ላይ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ተቀመጥንና ድባቅ መታችን። እኔ ሁለተኛ ወጣሁ፤ የሚወራለት ሁለተኛነት ግን አልነበረም። አባቴ ያገኟቸው ጥንዶች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ።

ካርዶቹን እየሰበሰበች ቀና ብላ አየቻቸው። «አባባ፣ ጭንቅላትዎ ያረጀው መቼ ነው?» አለች። ክፋት የለበትም። ጫማዎን መቼ ገዙት እንደማለት ነው የጠየቀቻቸው።

እኔ ደነገጥኩ። ዝም በይ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ ግን አልተቀየሙም። እንዲያውም ጥያቄውን የምር ያዙት። ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ «የትኛው?» አሉ።

«የትኛው ምን?»

«የትኛው ጭንቅላቴ? አንዱ ያረጀው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። አንዱ አምና ነው መሰለኝ። አንዱ ደግሞ ገና አልበሰለም።»

እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሌላ ዙር ተጫወትንና አባቴ እንደገና ተሸነፉ።

ያቺ «የትኛው?» ግን ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። አባቴ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም። ቀልድ ነው ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ አሳሳቃቸው የቀልድ አልነበረም። እኔ ሙያዬ ባይሆንም ስለ አእምሮና ስለ ዕድሜ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ አላልፍም። ስለዚህ ያነበብኩትን ከአባቴ መልስ ጎን እያስቀመጥኩ ማየት ጀመርኩ። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጫፉ አንድ አይደለም

ሬይመንድ ካቴል የሚባለው ተመራማሪ በ1940ዎቹ የማሰብ ችሎታን ለሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ከዚህ በፊት ያላዩትን ችግር እዚያው በዚያው የመፍታት ችሎታ ነው። ቅርጾችን ማገናኘት፣ የነገሩን ሥርዓት መያዝ፣ በጭንቅላት ይዞ ማገላበጥ። ሁለተኛው በዕድሜ የሚጠራቀመው ነው። ቃላት፣ ሙያ፣ የሰው ጠባይ፣ «ይሄ ነገር እንዲህ ከጀመረ መጨረሻው እንዲያ ነው» የሚለው ዕውቀት። የመጀመሪያው በወጣትነት ከፍ ይልና ቀስ እያለ ይወርዳል። ሁለተኛው እስከ ስድሳዎቹ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል፤ መጨመርም አያቆምም።

በ2015 ጆሹዋ ሃርትሾርንና ሎራ ጀርሚን ያሳተሙት ጥናት ይህን የበለጠ በታተነው። ወደ 48 ሺህ የሚጠጋ ሰው በኢንተርኔት ፈተናዎችን ሠርቷል። አእምሮ መረጃ የሚያስተናግድበት ፍጥነት ጫፍ የሚደርሰው 18 እና 19 ዓመት አካባቢ ሆኖ ተገኘ። የአጭር ጊዜ ትውስታ እስከ 25 ያድግና እስከ 35 አካባቢ ባለበት ይረግጣል። የሰውን ስሜት ከዓይኑ አይቶ መለየት በ40ዎቹና በ50ዎቹ ነው የሚበረታው። የቃላት ዕውቀት ደግሞ እስከ 60ዎቹ መጨረሻና 70ዎቹ መጀመሪያ ይወጣል። ሁሉም ችሎታ በአንድ ላይ ጫፍ ላይ የሚገኝበት ዕድሜ የለም።

«አንዱ ያረጀው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው» ያሉት እንግዲህ ትክክል ናቸው። በፍጥነት ከሆነ የሚለካው፣ ከ20 ዓመት በላይ የሆንን ሁላችንም ቁልቁለቱን ጀምረናል። የስሜት ማወቁ ነገርም አስቆኛል። ልጄ ክፋት እንደሌላት ወዲያው የገባቸው እሳቸው ናቸው። የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ በጥናቱ መሠረት በዚህ ችሎታ ጫፍ ላይ መቀመጥ የነበረብኝ ሰውዬ።

ማጣት ከየት ይጀምራል

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ሌላኛው ጫፍ ነው። ልጄ ጥያቄውን ስትጠይቅ እርጅና ያለው አያቷ ጋ ብቻ ነው ብላ አስባ ነው። ማናችንም እንዲያ እናስባለን። የእሷ ጭንቅላት ሲጨምር የኖረ፣ የእሳቸው ሲቀንስ የኖረ።

በ1984 ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ ያሳተሙት ሥራ ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል። እንግሊዝኛ እየሰሙ የሚያድጉ ሕፃናትን ወስደው የሂንዲ ድምፆችን አሰሟቸው። ድምፆቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አዋቂ አንድ ናቸው ብሎ የሚሰማቸው፣ ለሂንዲ ተናጋሪ ግን የተለያዩ የሆኑ ናቸው። ከ6 እስከ 8 ወር ያሉት ሕፃናት ልዩነቱን ሰሙት። ከ10 እስከ 12 ወር የደረሱት ግን በአብዛኛው መስማት ተሳናቸው። በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ችሎታ ጠፋ ማለት ነው። ሂንዲ እየሰሙ በሚያድጉት ላይ አልጠፋም።

የአንድ ዓመት ልጅ! ማንም ታዲያ «ሕፃኗ አረጀች» አይልም። ለምን እንደማንል ግልጽ ነው። የማያስፈልጋትን ድምፅ እየጣለች የቤቷን ቋንቋ እያጠበቀች ስለሆነ ነው። በአእምሮ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያሉት መገናኛዎች ከሚያስፈልገው በላይ ይበቅላሉ፤ በኋላ የማይሠራባቸው እየተገረዙ ይወድቃሉ። ለዕቅድና ራስን ለመግታት የሚያስፈልገው የአእምሮ የፊተኛው ክፍል ይህን ሥራ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ አይጨርስም። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ታዲያ የምትማረው እያጣችም ጭምር ነው።

መርሳትም እንደዚያው ነው። ልጄ ሁለት ዓመቷ ላይ ያደረግነውን ጉዞ አንዷንም ቅንጣት አታስታውስም። ያኔ ግን ለወራት ስታወራው ነበር። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ትዝታ ከሦስት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ያለው ላይ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት ያለው ሕይወት ተኖሯል፤ ትዝታው የለም። አባቴ ትናንት ማን እንደደወለላቸው ቢረሱ ሁላችንም እንተያያለን። እሷ ሁለት ሙሉ ዓመት ስትረሳ «ልጅ ናት» ብለን እናልፋለን።

ጀርመናዊው ፖል ባልቴስ በ1987 ስለ ዕድገት ሲጽፍ ይህንን ነው ያነሳው። በየትኛውም ዕድሜ ዕድገት ትርፍም ኪሳራም አለው፤ የሚለያየው ሚዛኑ ነው። ሽማግሌዎች ጋ ኪሳራው ይበዛል፣ እሱ እውነት ነው። እኔን የቆረቆረኝ አቆጣጠራችን ነው። ከልጅ ትርፉን ብቻ እንቆጥራለን፣ ከሽማግሌ ኪሳራውን ብቻ። ከዚያ ሁለቱን አስተያይተን «አየህ» እንላለን።

ሰዓት ቆጣሪው

ይሄን ስጽፍ «እርጅና የለም፣ ሁሉም በአስተሳሰብ ነው» ልል እንዳልሆነ ላስቀድም። እንዲያ የሚሉትን አልወዳቸውም። መዘግየት አለ። የሚለካ ነው፣ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፣ ብዙ ነገርም ይዞ ይሄዳል።

ቲሞቲ ሶልትሃውስ በ1996 ይህን ያብራራበት መንገድ ጨዋታችንን በደንብ ገለጠልኝ። አእምሮ ሲዘገይ ሁለት ነገር ይሆናል ይላል። አንደኛ፣ ጊዜ የተወሰነለትን ሥራ ሳይጨርስ ጊዜው ያልቃል። ሁለተኛው ግን ረቂቅ ነው። የሥራው ኋለኛው ክፍል እስኪደርስ የፊተኛው ክፍል ከእጅ ያመልጣል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይዞ ማገናኘት ስለማይቻል መልሱ አይመጣም። ልጄ ካርድ ስታነሳ እንዴት እንደሆነ አስታውሳለሁ። ብድግ፣ ብድግ፣ ክድን። አባቴ የመጀመሪያውን ሥዕል ገና እየያዙ ሳለ ሁለተኛው ተከድኗል። የረሱት ነገር የለም። ለመርሳት መጀመሪያ መያዝ አለበት፤ እሳቸው አልያዙትም።

ከውጭ የሚያይ ሰው ይህን መለየት አይችልም። «የማስታወስ ችግር» ተብሎ ይመዘገባል።

መዘግየቱም ቢሆን ሁሉም ከድካም አይደለም። ሮጀር ራትክሊፍና ባልደረቦቹ ሰዎች ውሳኔ የሚሰጡበትን ጊዜ በታትነው አይተዋል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከሚዘገዩባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ፣ ከመመለሳቸው በፊት የበለጠ ማስረጃ መፈለጋቸው ነው። መሳሳት አይፈልጉም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ወጣት ሆነን እንሰማዋለን፤ ስናረጅ ነው የምንሠራበት። ፈተናው ሰዓት ይዞ ከቆጠረ ግን ይህ ጥንቃቄ ነጥብ ያስቀንሳል።

አሁን ወደምወደው ጥናት ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታገሱኝ። ሶልትሃውስ ራሱ በ1984 ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 72 የሆኑ የታይፕ ጸሐፊዎችን ሰብስቦ ነበር። መጀመሪያ ተራ የፍጥነት ፈተና ሰጣቸው። ምልክት ሲያዩ ቁልፍ መጫን። እንደተጠበቀው ትልልቆቹ ዘገዩ። ከዚያ ጽሑፍ ሰጥቶ አስተየባቸው። አልዘገዩም። ጣታቸው የዘገየ ሰዎች እንዴት እኩል ይጽፋሉ?

መልሱ ዓይናቸው ላይ ነው የተገኘው። ትልልቆቹ ጸሐፊዎች ከሚጽፉት ፊደል ቀድመው የሚያዩት ርቀት ከወጣቶቹ ይበልጣል። ጣታቸው አንዱ ፊደል ላይ ሳለ ዓይናቸው ራቅ ያለው ላይ ደርሷል። የሚመጣው ጽሑፍ ቀድሞ እንዳይታያቸው ሲቀነስባቸው፣ ከወጣቶቹ ቀድመው መዘግየት ጀመሩ። ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎ አላስተማራቸውም። አብዛኞቹም እንደሚያደርጉት የሚያውቁ አይመስለኝም። ፍጥነቱ ሲቀንስ ርቀቱ ጨመረ፣ ሥራው እንዳለ ቀጠለ።

ባልቴስና ባለቤቱ ማርግሬት ባልቴስ ለዚህ ዓይነት ነገር ምሳሌ የሚያደርጉት ፒያኒስቱን አርተር ሩቢንስታይንን ነው። በሰማንያ ዓመቱ እንዴት እንደዚህ ትጫወታለህ ሲባል ሦስት ነገር አለ። የሚጫወታቸውን ሥራዎች ቁጥር ቀንሷል። የቀሩትን አብዝቶ ይለማመዳል። ፈጣን ክፍል ሊመጣ ሲል ደግሞ ከእሱ በፊት ያለውን ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ ፈጣኑ የባሰ ፈጣን ሆኖ እንዲሰማ። ሦስተኛዋን ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ማታለል ናት፤ ግን ሙዚቃን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚችላት ማታለል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አባቴን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ደብዳቤ ሲያነቡ ሬዲዮ ይዘጋሉ። ቁልፍ የሚያስቀምጡበት ቦታ አንድ ነው፤ ለሠላሳ ዓመት አልተቀየረም። ሁለት ሰው በአንዴ ሲያወራቸው አንዱን «ቆይ» ይላሉ። እኔ ይህን ሁሉ ግትርነት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ቀጠሮ ረስተው ግን አያውቁም። ይህም የሚታወቅ ነገር ሆኖ አገኘሁት። «በኋላ ይህን ማድረግ እንዳትረሱ» በሚለው ፈተና ላይ በቤተ ሙከራ ውስጥ ወጣቶች ይበልጣሉ። ከቤተ ሙከራ ውጭ፣ በራሳቸው ኑሮ ውስጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ይበልጣሉ።

ከማን ጋር ነው የምናወዳድራቸው?

የእኛ ውድድር ከመጀመሪያውም ፍትሐዊ አልነበረም። ልጄ ያንን ጨዋታ በየቀኑ ነው የምትጫወተው። ካርዶቹን በቆሻሻቸው ሳይቀር ታውቃቸዋለች። አባቴ የዚያን ዕለት ነው ያዩዋቸው።

ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን የእርጅና ጥናት ራሱ ለረጅም ጊዜ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሃያ ዓመት ወጣቶችና የሰባ ዓመት አረጋውያን አንድ ቀን ላይ አንድ ፈተና ይሰጣቸዋል። ልዩነቱ «የዕድሜ ውጤት» ይባላል። ዋርነር ሻይ በ1956 ሲያትል ላይ የጀመረው ጥናት ይህን ሸረሸረው። እነዚያኑ ሰዎች በየሰባት ዓመቱ እየተመለሰ መፈተን ቀጠለ። አንድን ሰው ከራሱ ጋር ሲያወዳድር፣ አብዛኛው ችሎታ እስከ ስድሳዎቹ ድረስ ብዙም ሳይቀንስ ይቆያል። ቀድሞ ተገኝቶ የነበረው ትልቅ ልዩነት ከፊሉ የትውልድ ነበር። የሰባ ዓመቱ ሰው ያነሰ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ፈተና የሚባል ነገር ብዙም አልለመደም፣ በልጅነቱ የበላውም የታከመውም ይለያል። ይሄኛውም ዘዴ እንከን አለው። ደክሞት ወይም ታሞ ከጥናቱ የሚቀረው ሰው ስለማይቆጠር፣ የሚቀጥሉት ጠንከር ያሉት ናቸው። እውነቱ ከሁለቱ መሃል የሆነ ቦታ ነው።

ስኮትላንድ ውስጥ የተገኘው ደግሞ ለማመን ይከብዳል። ጁን 1 ቀን 1932 በአገሪቱ የነበሩ የ11 ዓመት ልጆች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ 87,498 ልጆች፣ አንድ ዓይነት ፈተና ተቀመጡ። ወረቀቶቹ ተረስተው ቆዩ። ከስልሳ ዓመታት በላይ አልፎ ኢያን ዲሪና ባልደረቦቹ በሕይወት ያሉትን ፈልገው ያንኑ ፈተና ሰጧቸው። በሰማንያ ዓመት ሰዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ በ11 ዓመታቸው የነበረ ልዩነት ነው። ግማሹ! አንድን ሽማግሌ ዛሬ አይተን «ዕድሜ ጎዳው» ስንል፣ ድሮም እንዲያው እንደነበረ በምን እናውቃለን?

ሌላው የአጠያየቅ ነገር ነው። ልጄ ካርዶቹን ስትዘረጋ «ማን የበለጠ እንደሚያስታውስ እንይ» ብላ ነበር የጀመረችው። ሊን ሃሸርና ባልደረቦቿ በ2001 ባሳተሙት ሙከራ፣ ለአንዱ ቡድን «ይህ የማስታወስ ፈተና ነው» ተባለ፤ ለሌላው ያው ፈተና ማስታወስ የሚለው ነገር ሳይነሳ ቀረበለት። በመጀመሪያው ቡድን ወጣቶቹ አረጋውያኑን በለጡ። በሁለተኛው ልዩነቱ አልታየም። ፈተናው አንድ ነው፣ ሰዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው። የተለወጠው ከፊት የተነገራቸው ነው።

ሰው ስለራሱ እርጅና የሚያስበውም ቀላል አይደለም። ቤካ ሌቪ በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 660 ሰዎች መካከል ስለ እርጅናቸው መልካም ያሰቡት በአማካይ 7.5 ዓመት የበለጠ ኖረዋል። ድሮም ጤነኛ የነበሩት ናቸው መልካም የሚያስቡት የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ተመራማሪዎቹ ጤናን ከግምት አስገብተዋል፤ እኔ ግን ጥርጣሬዬን ሙሉ በሙሉ አልጣልኩም።

ሽበትና ጥበብ

«ሽማግሌ በምክሩ፣ ዐርበኛ በሰናድሩ» እንላለን። ፍጥነት ከሄደ ጥበብ ይመጣል የሚል የቆየ ማካካሻ አለን። እዚህ ላይ አባቴንም ሳልጠቅም እቀራለሁ መሰለኝ።

የባልቴስ ቡድን በርሊን ውስጥ ጥበብን ለመለካት ሞክሯል። አንድ ሰው የኑሮ ችግር ይነገረዋል። ጓደኛህ ደውሎ ራሴን ላጠፋ ነው ቢልህ ምን ታስባለህ፣ ምን ታደርጋለህ ዓይነት። መልሱ ይመዘናል። ከሃያዎቹ እስከ ሰባ አምስት ባለው ዕድሜ መካከል በዕድሜ ምክንያት የመጣ ልዩነት አልተገኘም። ሽበቱ ብቻውን አልረዳም፤ አልጎዳምም። የረዳው ሌላ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነህ፣ ምን አይተሃል፣ ካየኸው ምን ወሰድክ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ሰዎች ይህን ያለ ሙከራ ያውቁት ነበር።

የሚቀየር ነገር ግን አለ፤ ምርጫ። ሎራ ካርስተንሰን ለዓመታት ያጠናችው ይህን ነው። ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ የሚያውቁት ሰው ብዛት ይቀንሳል። የሚቀሩት ግን የቅርቦቹ ናቸው። ክፉ ነገር ላይ የሚያጠፉት ትኩረት ይቀንሳል፣ ደጉን ይይዛሉ። ውጪ ሆኖ ለሚያይ ብቸኝነት ይመስላል። ሲጠየቁ ግን በአብዛኛው ከወጣቶቹ የተሻለ ሰላም አላቸው። የካርስተንሰን ማብራሪያ ዕድሜን አይጠቅስም። ወሳኙ የቀረን ጊዜ ስንት ነው ብለን ማሰባችን ነው። በሕመም ምክንያት ጊዜያቸው አጭር እንደሆነ ያወቁ ወጣቶችም እንደ ሽማግሌ መምረጥ ይጀምራሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ ብዙ ተጨማሪ ዓመት እንደሚኖሩ እንዲያስቡ ሲደረግ ምርጫቸው ወደ ወጣቶቹ ይጠጋል።

እኔ በአርባዎቹ ያለሁ ሰው ይህን ሳነብ ለጥቂት ቀን ስልኬ ላይ ያለውን የስም ዝርዝር በጥርጣሬ እያየሁ ሰነበትኩ። ማንንም አላጠፋሁም። ግን ጥቂቶቹን ደወልኩላቸው።

መስመሩ የት ላይ ነው?

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የመርሳት በሽታ የእርጅና መጨረሻ ደረጃ አይደለም። በሽታ ነው። ስም ለአፍታ መጥፋቱ፣ ክፍል ገብቶ ለምን እንደገቡ መርሳት፣ የተለመደ ነው። በሚያውቁት መንገድ መጥፋት፣ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ ቅደም ተከተል ማጣት ግን ሐኪም ማየት ያለበት ነገር ነው። «ያው ዕድሜ ነው» እየተባለ የሚዘገይ ሰው ብዙ ነው።

መስመሩ ግን ሰው እንደሚያስበው የተሰመረ አይደለም። ዴቪድ ስኖውደን በ1986 በጀመረው ጥናት 678 መነኮሳት ተሳትፈዋል፤ ሲሞቱም አእምሯቸው እንዲመረመር ፈቅደዋል። አንዷ በ101 ዓመታቸው አረፉ። ሊያርፉ ጥቂት ጊዜ ሲቀራቸው በፈተና ጥሩ ውጤት ነበራቸው። አእምሯቸው ሲታይ ግን የአልዛይመር (በብዛት የሚታየው የመርሳት በሽታ) ምልክት ሞልቶበታል። በሌላ በኩል መነኮሳቱ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳሉ የጻፉት የሕይወት ታሪክ ተገኘ። ያኔ ሐሳባቸው ጠበቅ ያለ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር የያዘ ጽሑፍ የጻፉት ከስልሳ ዓመት በኋላ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ጽሑፉ ጠበቃቸው ወይስ በሽታው ያኔውኑ ጀምሮ ነበር? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ልጄ የጠየቀችው «መቼ» ከምናስበው በጣም ቀድሞ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስልኬ ላይ የአእምሮ ማሠልጠኛ ጌም ነበር። አጥፍቼዋለሁ። በ2002 ውጤቱ የወጣው ትልቁ ሙከራ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,832 ሰዎችን አሳትፏል። ማስታወስ የሠለጠኑት በማስታወስ፣ ማመዛዘን የሠለጠኑት በማመዛዘን፣ ፍጥነት የሠለጠኑት በፍጥነት ተሻሻሉ። አንዱ ግን ወደ ሌላው አልተሻገረም። ጌም የሚያሠለጥነው ያንኑ ጌም ነው፤ ልጄ ምስክር ናት።

ይልቅ ማንም የማይጠብቀው ነገር ጆሮ ነው። ኡልማን ሊንደንበርገርና ባልቴስ በ1994 ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 103 የሆኑ የበርሊን ነዋሪዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በማሰብ ችሎታ ላይ ከዕድሜ ጋር ተያይዞ የታየውን ልዩነት 93 በመቶ የሚሆነውን ከማየትና ከመስማት ጋር አገናኝተውታል። አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱንም የሚጎዳ አንድ ሥር ሊኖር ይችላል። ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ግን በ2024 ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡና ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ሲዘረዝር፣ የመስማት ችግርን አስገብቷል፤ ያልታከመ የዓይን ችግርንም ጨምሯል። በደንብ ያልተሰማ ነገር በደንብ አይያዝም። ለመስማት የሚወጣው ጉልበትም ለማሰብ ከሚያስፈልገው ላይ ነው የሚቀነሰው።

አባቴን ሳስተውል ልጄ ስታወራ ቀኝ ጆሯቸውን ያዞራሉ። የቴሌቪዥኑ ድምፅም ከወር ወር ይጨምራል። ስለዚህ የመስማት ምርመራ ቀጠሮ ያዝኩላቸው። እስካሁን እምቢ ብለዋል። ጆሯቸው ደህና እንደሆነ፣ ችግሩ እኛ እንደምናጉረመርም ነው የሚነግሩን። ልጄም ከእሳቸው ጋር ወግናለች።